ሳሩ ጭቃ የሚመስለው በካርዱ ምክንያት አይደለም፦ የላይቭ ጌም ቪዲዮ ጭመቃን እንዴት እንለካ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በፕሌይስቴሽን 4 የኳስ ጌም ይወዳደራሉ። እኔ ደግሞ በካፕቸር ካርድ ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ኦቢኤስ በሚባለው የማስተላለፊያ ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ ላይቭ አስተላልፋለሁ። ኮምፒውተሩ ባለ 6 ኮር አይ5 ነው፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650። አፕሎዴን ስለካው 5 ሜጋቢት ይላል። የምልከው 1080ፒ በ60 ፍሬም፣ በ4500 ኪሎቢት ነው። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ሳሩ ጭቃ ይመስላል፤ አንዳንዴም ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጓደኛዬ ‹ኤችኢቪሲ የሚባለው ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት) በግማሽ ኢንተርኔት ያንኑ ጥራት ይሰጣል፣ አርቲኤክስ 4060 ግዛ፣ ከእሱም አዲስ የሆነው ኤቪ1 ይኖርሃል፣ ወልድያና ሐይቅ ያሉት ተመልካቾችህም ዳታ ይቆጥባሉ› አለኝ። እኔም አንዱን ጨዋታ በድሮው ኮዴክ በኤች264፣ ሌላውን በኤችኢቪሲ፣ ሁለቱንም ሲኪውፒ በሚባለው የጥራት ቅንብር 20 ላይ ቀድቼ ሳይ የኤችኢቪሲው ፋይል በ40 በመቶ ያንሳል። ካርዱን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። ችግርህ ካርዱ አይደለም፤ ሙከራህም የለካው አንተ የፈለግከውን ነገር አይደለም። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርገሃቸዋል። ምስሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም አንድ ነገር ነው፤ ሳሩ ጭቃ ሲሆን ሌላ። የኦቢኤስን የስታትስ መስኮት ክፈተው። እዚያ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው በኔትወርክ ምክንያት የተጣሉ ፍሬሞችን ይቆጥራል። ሁለተኛው ኢንኮደሩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል፣ አልደርስ ብሎ የዘለላቸውን ነው። ሦስተኛው ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን በጊዜው ባለማዘጋጀቱ ያመለጡትን ነው። ምስሉ በሚቆምበት ሰዓት የሚጨምረው የመጀመሪያው ከሆነ (ከነገርከኝ ተነስቼ እሱ ነው እላለሁ) ምክንያቱ ግልጽ ነው። 5 ሜጋቢት በሚለካ መስመር 4500 ኪሎቢት ቪዲዮ፣ ላዩ ላይ ድምፅ ጨምረህ ትልካለህ። ያ 5 ደግሞ መለኪያው በሮጠባት በዚያች ቅጽበት የተገኘ ቁጥር ነው። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ስልኩን ከፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት ያው ቁጥር ይገኛል ማለት አይደለም። ላይቭ የሚፈልገው ለሁለት ሰዓት የማይወርድ ፍጥነት ነው። እኔ ከሚለካው ከ60 በመቶ በላይ ለቪዲዮ አልመድብም። አንተ ጋ ያ ማለት 3000 ኪሎቢት አካባቢ ነው።

የሳሩ ጭቃ ግን የቢት እጥረት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 1920 በ1080፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 124 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ይሆናል። 4500 ኪሎቢቱን ለእነሱ ስታካፍል ለአንድ ፒክስል የሚደርሰው 0.036 ቢት ነው። አንድ ጭልፋ ወጥ በሰፊ እንጀራ ላይ ስታዳርስ ሁሉም ጋ ይሳሳል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። አሁን ደግሞ 720ፒ በ30 ፍሬም ውሰድ። በሰከንድ 27.6 ሚሊዮን ፒክስል ነው። በ3000 ኪሎቢት ብቻ ለአንዱ 0.108 ቢት ይደርሰዋል። ከምትልከው አንድ ሦስተኛ ቀንሰህ የእያንዳንዱን ፒክስል ድርሻ ሦስት እጥፍ አደረግከው ማለት ነው። ይህ ሒሳብ ሻካራ ነው። ስለ ምስሉ ይዘት የሚያውቀው ነገር የለም። ከ60 ወደ 30 ፍሬም መውረድም ቢቱን በትክክል በግማሽ አይቀንስም፤ ጎረቤት ፍሬሞች ስለሚመሳሰሉ ተጨማሪዎቹ ርካሽ ናቸው። ግን የችግሩን መጠን ያሳይሃል። በሳንቲም የሚቆጠር ለውጥ አይደለም።

ወደ ጓደኛህ «ግማሽ» እንምጣ። ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ኤች264 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። ኤችኢቪሲ በ2013 ሲመጣ ዓላማው ያንኑ ጥራት በግማሽ ቢት መስጠት ነበር፤ በሙከራም ወደዚያ ተጠግቷል። ነገር ግን እነዚያ ሙከራዎች የተሠሩት ጊዜ በማይገድበው ሶፍትዌር ነው። ለጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ረጅም ሰዓት ቢፈጅ ማንም አይቸገርም። አንተ በ60 ፍሬም ስትልክ ለአንድ ፍሬም ያለህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። በ30 ፍሬም 33። በዚያች ጊዜ ኢንኮደሩ «ይህ ቁራጭ ካለፈው ፍሬም የት ቦታ ይመሳሰላል?» ብሎ ጥቂት ቦታ ብቻ ፈልጎ ቶሎ መወሰን አለበት። አዲሱ ኮዴክ የተሻለ የሆነው ደግሞ ብዙ አማራጭ ስላለው ነው። አማራጮቹን ለመሞከር ጊዜ ከሌለ ብልጫው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኮዴኩ ስታንዳርድ የሚደነግገው ዲኮደሩ (የተጨመቀውን ፈትቶ የሚያሳየው) ፋይሉን እንዴት እንደሚያነብ ብቻ ነው። ኢንኮደሩ እንዴት ይፈልግ፣ ቢቱን የት ያውል የሚለው ለሠሪው የተተወ ነው። ስለዚህ «ኤች264 ይሻላል ወይስ ኤችኢቪሲ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መልስ ያለው «ይህ ኢንኮደር፣ በዚህ ፕሪሴት (የፍጥነትና የጥራት ቅንብር)፣ በእኔ ማሽን ላይ፣ በቀጥታ ሲሮጥ» የሚለው ነው። ቀሰስ ብሎ የሚሠራ የኤች264 ኢንኮደር ከሚቻኮል የኤችኢቪሲ ኢንኮደር ጋር እኩል ሊወጣ ይችላል። የአንተ 1650ም የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ 1650ዎች የያዙት የኢንኮደር ቺፕ ከ1650 ሱፐር አንድ ትውልድ ወደኋላ የቀረ ነው። በኤችኢቪሲ ላይ ቢ-ፍሬም፣ ማለትም ካለፈውም ከሚመጣውም የሚበደር ፍሬም፣ መሥራት አይችልም። የኤችኢቪሲ ትርፍ አንድ ክፍል በዚሁ ይቀራል።

ታዲያ ያ 40 በመቶ ከየት መጣ? ከሁለት ስህተት። አንደኛ፣ የቀዳሃቸው ጨዋታዎች የተለያዩ ናቸው። አንዱ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ሲንሸራሸር ያለቀ፣ ሌላው አምስት ጎልና አምስት ሪፕሌይ ያለበት ከሆነ በዚያው በአንዱ ኢንኮደር እንኳ የፋይሉ መጠን በእጅጉ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ሲኪውፒ ማለት ኢንኮደሩን «ጥራቱን እዚህ ላይ ያዝ፣ ቢቱ የፈጀውን ይፍጅ» ማለት ነው። ኤች264ም ኤችኢቪሲም ከ0 እስከ 51 ስለሚቆጥሩ 20 እና 20 እኩል ይመስላሉ። እኩል አይደሉም። ኢንኮደሮቹ ያንን ቁጥር በየፍሬሙ ዓይነት የሚጠቀሙበት መንገድ ይለያያል፤ የሚወጣው ጥራትም እንዲሁ። አንዱ ፋይል ያነሰው ጥራቱም ስላነሰ ሊሆን ይችላል። ጥራቱን ሳትለካ መጠኑን ብቻ ማወዳደር ሁለት ጆንያ ጤፍ ውስጡን ሳያዩ በክብደት እንደመግዛት ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ላይቭ ላይ ሲኪውፒ አትጠቀምም። የምትጠቀመው ሲቢአር ነው፤ ቢቱ የተወሰነ፣ ጥራቱ የሚዋዥቅ። ኢንኮደሩ በጭንቅ ሰዓት ያችን ቢት እንዴት እንደሚያብቃቃ ራሱ የብቃቱ ትልቅ ክፍል ነው፤ ሲኪውፒ ይህን ፈጽሞ አያሳይህም።

ትክክለኛው ሙከራ አንድ ምሽት ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። ከፕሌይስቴሽኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያለ ጥራት ጉድለት፣ በሎስለስ፣ ቅዳ። ፋይሉ በጣም ይገዝፋል፤ ኤስኤስዲ ላይ ቦታ አዘጋጅ። የምትቀዳውን ምረጥ። በረኛው ኳሱን አርዝሞ መትቶ ካሜራው ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው የሚሮጥበት ይኑር። ጎል ገብቶ ምስሉ በድንገት ወደ ደጋፊው የሚዞርበት ይኑር። ሪፕሌይ ይኑር። ዝናብ የሚዘንብበት ጨዋታ ካለህ እሱም ይጨመር። ሜኑና የአሰላለፍ ገጽ አታብዛ፤ የቆመ ምስል ለሁሉም ኢንኮደር ቀላል ስለሆነ አማካዩን ያሳምረዋል። ይህ ቅጂ ኦሪጅናልህ ነው፤ ሁሉም ከእሱ ጋር ይወዳደራል።

ከዚያ ያንኑ ኦሪጅናል በኤፍኤፍምፔግ፣ በነፃ በሚገኘው ፕሮግራም፣ በእያንዳንዱ ኢንኮደር አራት አራት ጊዜ ጭመቀው፦ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 እና በ4500። ሲቢአር ይሁን፣ ኪፍሬም (ከሌላ ፍሬም ሳይበደር ራሱን ችሎ የሚቆም ፍሬም) በየ2 ሰከንዱ ይሁን፣ ፕሪሴቱ ላይቭ ላይ በእርግጥ የምትሮጥበት ይሁን። ኤፍኤፍምፔግ ጊዜ ስለማይገድበው በጣም ቀርፋፋውን ፕሪሴት ብትሰጠው ያማረ ውጤት ያመጣልሃል፤ ቅዳሜ ማታ ግን ያ ፕሪሴት ኮምፒውተርህን ያንቀዋል። ላይቭ ላይ የማይሮጥ ነገር ውጤቱ ለአንተ ዋጋ የለውም።

የወጡትን ፋይሎች በቪማፍ ለካ። ቪማፍ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ የለቀቀው የጥራት መለኪያ ነው፤ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። ከድሮው መለኪያ፣ ከፒኤስኤንአር፣ ይልቅ ለሰው ዓይን ፍርድ ይቀርባል። ነገር ግን ስትጠቀምበት ተጠንቀቅ። ሁለቱ ቪዲዮዎች በአንድ ፍሬም እንኳ ከተዛነፉ ውጤቱ ይበላሻል፤ ቁጥሩ ያለምክንያት ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ ይህን ጠርጥር። 720ፒውን ከ1080ፒ ኦሪጅናል ጋር ስታወዳድር መልሰህ ወደ 1080ፒ አሳድገው፤ ተመልካቹም ስክሪኑ ላይ የሚያየው አድጎ ነው። 30 ፍሬምና 60 ፍሬምን በቪማፍ አታፋልም፤ ፍሬም ለፍሬም ስለሚያይ የእንቅስቃሴ ልስላሴ አይገባውም። ደግሞም የተገራው በአብዛኛው በፊልምና በተለመደ ቪዲዮ፣ ቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጠ ሰው ተብሎ ነው። የስልክ ሞዴል ስላለው እሱን ተጠቀም። የሰዓቱና የውጤቱ ትንንሽ ጽሑፍ ቢደበዝዝ ብዙም ነጥብ አይቀንስም፤ ተመልካችህ ግን በመጀመሪያ የሚያማርረው እሱን ነው።

አማካይ ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትፍረድ። ይህን አጥብቄ የምለው ነው። ዘጠና ሰከንድ ጥሩ ሆኖ አሥር ሰከንድ ጭቃ የሆነ ቪዲዮ አማካዩ ያማረ ነው። ያ አሥር ሰከንድ ግን ጎሉ የገባበት ነው። የእያንዳንዱን ፍሬም ነጥብ አውጣና ከታች ያለውን 5 በመቶ ተመልከት። ሁለት ኢንኮደሮች በአማካይ እኩል ሆነው በዚያ የታችኛው 5 በመቶ ላይ በሰፊው ሲለያዩ ታገኛለህ። ለላይቭ ጌም የምትመርጠው ታች የማይወድቀውን ነው። የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት ላይ አትከራከር። ወደ 6 ሲጠጋ ዓይን ይለየዋል ተብሎ ይወሰዳል።

አራቱን ነጥብ በግራፍ አስቀምጥ፤ በታች ቢት፣ በጎን ጥራት። ከዚያ ወደ ጎን አንብበው፦ ለዚሁ ጥራት ይሄኛው ስንት ቢት ፈጀ፣ ያኛውስ? ባለሙያዎች ቢዲ-ሬት የሚሉት ይኸው ነው። ኖርዌያዊው ጊስሌ ቢዮንተጎር እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ስሌት ሲሆን ሁለቱ መስመሮች በሚደራረቡበት ክልል ያለውን የቢት ልዩነት በአማካይ በመቶኛ ይነግርሃል። «በ40 በመቶ ይሻላል» የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ሲወጣ ነው። በመጨረሻ ቪዲዮዎቹን ስልክ ላይ አድርግና የጌም ቤቱን ልጆች አሳያቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ አትንገራቸው። ከነገርካቸው የአዲሱ ስም ያሸንፋል። ፖዝ አድርገህም አታወዳድር፤ አንዱ ኪፍሬም ላይ፣ ሌላው ቢ-ፍሬም ላይ ቢቆም ፍርዱ ዕድል ነው።

ሳሩ ለምን ተለይቶ ይጎዳል? ሳር ማለት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ነጥቦች ናቸው። ካሜራው ሲቆም ኢንኮደሩ «እንዳለፈው» ብሎ ያልፈዋል። ካሜራው ሲሮጥና ሲቀርብ ሁሉም ቦታውንም መጠኑንም ይቀይራል። ቢት ሲያጥር ቀድሞ የሚጣለው ጥቃቅኑ ዝርዝር ነው፤ አረንጓዴ ሊጥ ይቀራል። አስተውለህ ከሆነ በየ2 ሰከንዱ ሳሩ ብቅ ብሎ መልሶ ይጠፋል። ኪፍሬሙ ሲመጣ ዝርዝሩ ይመለሳል፣ ከዚያ ይሟሟል። ይህን በነፃ ማቅለል ትችላለህ። ጌሙ ውስጥ የካሜራውን ዙም ቀንስ፤ ሰፋ ብሎ የሚያሳየው ካሜራ የሚሮጠው በዝግታ ነው። ዝናብና በረዶ አጥፋ፣ ጥርት ያለ ቀን ምረጥ። በኦቢኤስ የምትለጥፈው የውጤት ሰሌዳ ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ላይ ከሆነ ቀይረው። ቪዲዮው የቀለም ዝርዝርን የሚይዘው ከብርሃኑ ዝርዝር ሩቡን ብቻ ነው፤ ቀጭን ቀይ ፊደል መደብዘዙ አይቀርም። ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ አድርገው።

አሁን ምክሬን ልንገርህ። ጨዋታው የሚሮጠው ፕሌይስቴሽኑ ላይ ስለሆነ የኮምፒውተርህ ሲፒዩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እሱን አሠራው። በኦቢኤስ ኢንኮደሩን ኤክስ264፣ ማለትም በሲፒዩ የሚሠራውን የኤች264 ኢንኮደር፣ አድርግ። 720ፒ፣ 30 ፍሬም፣ ሲቢአር 3000፣ ኪፍሬም 2 ሰከንድ፣ ድምፅ 128። ማሳነሻ ማጣሪያው ላንክዞስ ይሁን። ፕሪሴቱን ከፋስት ጀምር፣ ከዚያ ሚዲየም ሞክር። በስታትስ መስኮት ኢንኮደሩ የዘለላቸው ፍሬሞች መቁጠር ሲጀምሩ አንድ ደረጃ ተመለስ። ኤክስ264 በእነዚህ ፕሪሴቶች፣ በዝቅተኛ ቢት ላይ ከአንተ 1650 ኢንኮደር የተሻለ ሳር ይሰጥሃል ብዬ እጠብቃለሁ። ከላይ ባለው ሙከራ ራስህ ታረጋግጠዋለህ። «ቢ-ፍሬም ላይቩን ያዘገያል» የሚሉህ ካሉ አትስማ። የሚጨምረው ጥቂት ፍሬም ነው፤ ዩቲዩብ ራሱ በሰከንዶች ይዘገያል።

ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝ። በኦቢኤስ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቢቱን በራሱ የሚቀንሰውን አማራጭ አብራ። ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሊንኩን ለማንም ሳትሰጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞክር። ያኔም ፍሬም ከተጣለ ወደ 2000 ውረድና 960 በ540 አድርገው፤ ስልክ ላይ ንጹሕ 540 ከጭቃ 1080 ይበልጣል። ለካርዱ ያሰብከው ገንዘብ ካለ ለራውተሩና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ዩፒኤስ ግዛበት። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ላይቩ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ተመልካች ከየትኛውም ኮዴክ በላይ ያመሰግንሃል።

የተመልካቾችህ ዳታ ጉዳይ ግን በአንተ እጅ አይደለም። ዩቲዩብ የላክህለትን ፈትቶ እንደገና ይጨምቀዋል፤ ከ144ፒ ጀምሮ በየደረጃው ያዘጋጃል። ወልድያ ያለው ልጅ የሚያየው የዩቲዩብን ጭማቂ ነው። በኤች264 ላክህ፣ በኤችኢቪሲ ላክህ፣ የእሱ ዳታ የሚወሰነው በመረጠው ደረጃ ነው። ይህ የምትችለውንም ወሰን ያሳያል። ሁለት ጊዜ ተጨምቆ የሚደርስ ምስል አንተ ጋ ካየኸው ማነሱ አይቀርም፤ ሁለተኛው ኢንኮደር ደግሞ የመጀመሪያውን ጭቃ እንደ እውነተኛ ዝርዝር ቆጥሮ ቢት ያባክንበታል። ንጹሕ 720 መላክ የሚበልጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ካርድ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ጨዋታውን ራሱን ወደ ኮምፒውተር ስታዞር ነው። ያኔ ሲፒዩው ሥራ ይበዛበታል፣ ጭመቃውን ካርዱ ቢሠራው ይሻላል። ኤቪ1 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በዝቅተኛ ቢት ላይ በእርግጥ የሚበልጥ ኮዴክ ነው። ኦቢኤስም ከ2023ቱ 29.1 ጀምሮ ወደ ዩቲዩብ በኤችኢቪሲና በኤቪ1 መላክ ይችላል። ሌሎች መድረኮች ላይ ግን ያለጥርጥር የሚያልፈው ኤች264 ስለሆነ የምትልክበትን አስቀድመህ አረጋግጥ። ሱቅ ስትገባም ሻጩ «ኤቪ1 አለው» ቢልህ አትቸኩል። ኢንኮድ ያደርጋል ወይስ ዲኮድ ብቻ ብለህ ጠይቀው። የአርቲኤክስ 30 ካርዶች ኤቪ1ን ከፍተው ያሳያሉ እንጂ አይጨምቁም፤ የሚጨምቁት ከአርቲኤክስ 40 ጀምሮ ያሉት፣ የኤኤምዲ 7000ዎቹና የኢንቴል አርክ ካርዶች ናቸው።